ቆሞ በሚሠራ መኪና ላይ ስለሚሰማ የመንቀጫቀጭ ድምፅ

በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ ዕቃ የሚያመላልስበት ፒክአፕ መኪና ነበረው። መኪናው በመንገድ ላይ ሲሮጥ አንዳች እንከን አይሰማበትም ነበር። ነገር ግን በመብራት ላይ ሲቆም፥ ወይም ዕቃ እስኪጫንበት ድረስ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲጠብቅ፥ ከሥሩ በጣሳ ውስጥ ሳንቲም የሚንቀጫቀጭ የመሰለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። መኪናውን የተቀበሉት የጋራዥ ሠራተኞች ጥቂት አዳምጠው ሞተሩ መከፈት አለበት ሲሉ ወሰኑ። ለጉዋርኒሲዮን፥ ለኩሽኔታና ለሠራተኛ የተጠየቀው ዋጋ ከባድ ነበር፤ በዚያም ላይ መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ ከሥራ እንደሚቆም ተነገረው። ነጋዴው ልቡ አልቀበል ስላለው መኪናውን ለሌላ መካኒክ አሳየ። ይህኛው መካኒክ ብረቱ እስኪበርድ ጠብቆ ከመኪናው ሥር ገባና፥ የጭስ ማውጫውን ቱቦ የሚሸፍነው ስስ ላሜራ አንደኛው ብሎን ዝጎ መበጠሱን አገኘ። ላሜራውን በአንድ ፋሸታ ጠፍንጎ ሲያስረው ድምፁ ወዲያው ጠፋ።

የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች አታላዮች ናቸው ብሎ መፍረድ አይገባም። ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል፤ ከጭስ ማውጫው ጫፍ የተነሣው ጩኸት በቱቦው ወጥቶ ከሞተሩ ወገብ የመጣ መስሎ ሊሰማ ይችላል። ስሕተታቸው ከርካሹ ምርመራ ሳይጀምሩ ወደ ውዱ መሄዳቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብም የምርመራውን ቅደም ተከተል ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ባለ መኪናው ራሱ መካኒክ ይሁን ለማለት ሳይሆን፥ ሞተሩ እንዲከፈት ከመፍቀዱ በፊት ምን ምን እንደ ታየ ለመጠየቅ እንዲችል ነው።

ጉዳዩ በዛሬው ጊዜ ለነጋዴው ከቀድሞው ይበልጥ የሚያሳስብ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪናዎችን በሚያስመጣ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በእጁ የቤንዚን አውቶሞቢል ያለው ሰው አሮጌውን ጥሎ ሌላ የማስመጣቱ ነገር እንደ ድሮው አይሆንለትም። ያለውን ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኖበታል።

በመጀመሪያ ድምፁ ስለ ምን መኪናው ሲቆም ብቻ እንደሚሰማ መረዳት ይጠቅማል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፥ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት አዟዟር፥ አንድ የሞቀ የቤንዚን ሞተር በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይዞራል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። በደቂቃ 750 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ 25 ትኩሳት ይሆናል ማለት ነው። ሞተሩም በእያንዳንዱ ትኩሳት ይርገፈገፋል። ማናቸውም የላላ ብረት ደግሞ እንደ ክራር ጅማት ለብቻው የሚስማማው የመርገፍገፊያ ፍጥነት አለው። የሞተሩ ትኩሳት ከዚያ ፍጥነት ጋር ሲገጥም ብረቱ አብሮ ይጮኻል፤ ቤንዚን ሲሰጠውና ዙሩ ከፍ ሲል ግን ይለያዩና ዝም ይላል። ከዚህ የተነሣ በሚኒሞ ብቻ ተሰምቶ ዙሩ ከፍ ሲል የሚጠፋ የቅጭልጭልታ ድምፅ፥ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ሆድ ሳይሆን በሞተሩ ዙሪያና በመኪናው ሥር ከተንጠለጠለ ዕቃ የሚመጣ ነው። ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ የሚፈጥንና የሚከብድ ድምፅ ግን ከሚዞር ነገር ስለሚመጣ በቸልታ አይታለፍም።

ከምርመራው ሁሉ በፊት የሚታየው ዘይት ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፥ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ፥ የመለኪያው ዘንግ ተስቦና ተጠርጎ እንደገና ገብቶ ይነበባል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ፋብሪካው ያዘዘው ዓይነት ዘይት ይጨመራል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የዘይት ማሰሮ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት ከበራ ደግሞ ምንም የሚያስጠብቅ ነገር የለም፤ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋል። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች የሚከስሩበት ምክንያት የሾፌሩ ትጋት መሆኑ ያሳዝናል። ዕቃውን በቀጠሮው ለማድረስ ብሎ፥ በከባድ መዶሻ የሚቀጠቀጥ የሚመስለውን ድምፅ እየሰማ ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ዳገቱን የሚወጣ ሾፌር፥ ፒስቶኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ቤላና የዘንጉን ኩሽኔታ አንድ ላይ ይጨርሳል። አንድ ወይም ሁለት ሊትር ዘይት በወቅቱ ቢጨመር ይተርፍ የነበረው ሞተር ከዚያ በኋላ የሚያገለግለው ለብረት ሚዛን ነው። ባለ መኪናው ለሾፌሩ፥ ቀዩ መብራት ከበራ ዕቃው ቢዘገይም ቁም ብሎ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል፤ ሾፌሩ በራሱ ሥልጣን ማቆም የሚፈራው ቁጣውን ስለሚፈራ ነውና።

ዘይቱ ደኅና ከሆነ ማዳመጥ ይቀጥላል። ሾፌሩ በአንድ ደብተር ላይ ድምፁ የሚሰማው ጧት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ፤ ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያው ሲከፈት ይብሳል ወይስ አይለወጥም፤ ካምቢዮው ባዶ ሳለ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይጠፋል ወይስ ይቀጥላል፤ ይህን ሁሉ ቢጽፍ ለመካኒኩ ግማሽ ቀን ይቆጥብለታል። ድምፁ ጋራዥ ሲደርስ የመጥፋት ልማድ አለው። ደብተሩ ግን አብሮት አይጠፋም።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ወይም መጋዘን ውስጥ አስነሥቶ ማዳመጥ ለሞት ያደርሳል፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሚዞር ቬንትሌተርና ቺንጊያ አጠገብ የሚጎነበስ ሰው ክራባቱን፥ ነጠላውንና የተንዘረፈፈ እጅጌውን አስቀድሞ ይሰብስብ። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ቬንትሌተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ በድንገት ሊነሣ ይችላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የብረት መደገፊያ ከሥሩ፥ ድንጋይም ከጎማው ሥር መቀመጥ አለበት።

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ፍለጋው ከጭስ ማውጫው ይጀምራል። ከሞተሩ አንሥቶ እስከ ኋላ በሚሄደው ቱቦ ላይ፥ ሙቀቱ ወደ መኪናው ወለልና ወደ ነዳጅ መሥመሩ እንዳይደርስ የሚከላከሉ ስስ ላሜራዎች ተገጥመዋል። እነዚህ ላሜራዎች በየቀኑ ይግላሉ፥ ይቀዘቅዛሉ፤ ክረምት ጭቃና ውኃ፥ በጋ ደግሞ አቧራና ጠጠር ይደርስባቸዋል። የብሎናቸው ቀዳዳ ዝጎ ሲሰፋ ብሎኑ ቢኖርም እንኳ ላሜራው ይላቀቃል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ፥ ጓንት ባጠለቀ እጅ ቱቦውንና ላሜራዎቹን በተራ መታ መታ ማድረግ ነው። ደኅናው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው የለመዱትን ቅጭልጭልታ ደግሞ ያሰማል። ብረቱ ሳይበርድ የሚነካ ሰው ግን ቆዳው እዚያው ይቀራል።

የጥገናውም ዋጋ እጅግ ትንሽ ነው። ብሎኑ ካለና ቀዳዳው ብቻ ከሰፋ፥ ሰፊ ሮንዴላ ከሥሩ አድርጎ ማጥበቅ ይበቃል። ብሎኑ ተበጥሶ ከሆነ ላሜራውን ከቱቦው ጋር ዝገት በማይበላው ፋሸታ ዙሪያውን ማሠር ይቻላል። በሽቦ ማሠርም ይሠራል፤ ነገር ግን ተራ ሽቦ በሙቀቱ ቶሎ ይበጠሳል። አንዳንዶች ላሜራውን ገንጥሎ መጣል የመፍትሔው አቋራጭ ይመስላቸዋል። ይህ አሳሳች ምክር ነው። ድምፁ እርግጥ ይጠፋል፤ ግን ላሜራው ከሌለ ሙቀቱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የነዳጅ ቧንቧዎችን ያገኛቸዋል። በገጠር በደረቅ ሣር ላይ የቆመ መኪናም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የገብያ ቀን መኪናቸውን በታጨደ ማሳ ላይ የሚያቆሙ የእህል ነጋዴዎች ይህን ሊዘነጉት አይገባም።

ቱቦውንና ማርሚታውን አንጠልጥለው የሚይዙ ጎማዎችም አሉ። ከእነርሱ አንዱ ሲበጠስ ቱቦው ይዘነበልና ከሻንሲው ጋር ይጋጫል፤ ተበጥሶ የተንጠለጠለውን ጎማ በዐይን ማየት ስለሚቻል እዚህ ላይ መቆየት አያስፈልግም። ማርሚታው ራሱ ሲመታ ውስጡ እንደ ቅል ከተንኳኳ፥ የውስጡ ክፍልፋይ ተገንጥሏል፤ ይለወጣል።

ካታላይዘር የሚባለው ክፍል ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ይበልጣልና። ይህ ክፍል በጭስ ማውጫው መንገድ ላይ የተገጠመ የብረት ቤት ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ የሸክላ አካል አለው። በሸክላው ላይ ፕላቲኒየም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተውበታል። ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ ውስጡ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ካንዴላው የማይተኩስ ሲሊንደር ሲኖር ያልተቃጠለ ቤንዚን እዚያ ደርሶ ስለሚነድ ሸክላው ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። መኪናው ድንጋይ ሲመታውም ይሰበራል። በዚህ ጊዜ የበረደውን ቤት በእጅ ጡጫ ወይም በጎማ መዶሻ ሲመቱት በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንዳለ ይንኳኳል። መኪናውም ዳገት ላይ አቅም ሊያጣ ይችላል፤ የተሰበረው ሸክላ የጭሱን መንገድ ይዘጋዋልና። ካታላይዘሩ ከመለወጡ በፊት ያሰበረው ምክንያት መታረም አለበት፤ የማይተኩሰው ሲሊንደር ሳይጠገን አዲስ ቢገጠም አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። አሮጌው ክፍል ሲወጣ ባለ መኪናው ማስመለሱን አይርሳ። ውስጡ ባለው ማዕድን የተነሣ በብዙ አገር በዋጋ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ጋራዥ ጥግ ተጥሎ የሚቀር ቁራጭ ብረት አይደለም።

ከሥሩ ምንም ካልተገኘ ሞተሩን የሚሸከሙት የማረፊያ ጎማዎች ይታያሉ። አንዱ ጎማ ሲሰነጠቅ ሞተሩ ይዘነበላል፤ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው የጭስ ቱቦም ከቦታው ይነቃነቅና ብረት ይነካል። እንዲህ ሲሆን ቱቦውን ማጠፍና መቀጥቀጥ፥ ማርሚታም መለወጥ ከንቱ ልፋት ነው፤ በሽታው ከላይ ነውና። ምርመራው ኮፈኑ ተከፍቶ፥ የእጅ ፍሬን ተይዞና የእግር ፍሬን ጠብቆ ተረግጦ፥ በመኪናው ፊትና ኋላ ማንም ሳይቆም ይደረጋል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ፊት፥ ቀጥሎም ወደ ኋላ ሲገባ ሞተሩ ከመጠን በላይ ዘሎ ከተቀመጠ ጎማው አልቋል። አውቶማቲክ መኪና በመብራት ላይ ማርሽ እንደ ገባ ሲንቀጫቀጥና ወደ ባዶ ሲመለስ ዝም ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ይህ ጎማ ነው።

ቺንጊያው የሚያዞራቸው ዕቃዎች ማለት ዲናሞ፥ የውኃ ፖምፓ፥ የመሪ ፖምፓ፥ የቀዝቃዛ አየር መጭመቂያና የቺንጊያው መወጠሪያ ሁሉ የየራሳቸው ኩሽኔታ አላቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጊያው ሲወልቅ እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ ማዞር ነው፤ የሚኮረኩርና የሚወዛወዝ ካለ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ቺንጊያው እንደ ወለቀ ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ አስነሥቶ ድምፁ መጥፋቱን ማረጋገጥም ይቻላል። የውኃው ፖምፓ በዚህ ጊዜ ስለማይዞር ከዚያ በላይ ማቆየት ሞተሩን ያግላል። ሌላው የመካኒኮች የቆየ ዘዴ ረጅም ካቻቢቴ ነው፤ ጫፉ በማይዞረው የዕቃው ገላ ላይ ተደግፎ እጀታው ከጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ላይ ሲደረግ፥ የታመመው ኩሽኔታ ከጤነኛው በግልጽ ይለያል።

የፍሪሲዮኑ ምርመራ ደግሞ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። ሞተሩ እየሠራ ካምቢዮው ባዶ ላይ ሳለ ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ፥ ነገሩ ያለው በካምቢዮው መግቢያ ዘንግና ኩሽኔታ አካባቢ ነው። ዝም ብሎ የነበረው ፔዳሉ ሲረገጥ ከጮኸ ደግሞ የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። ይኸኛው ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ከፍሪሲዮኑ ዲስክ ጋር አብሮ ነው፤ ካምቢዮው አንድ ጊዜ ከወረደ ለሁለተኛ ጊዜ ማስወረድ የሠራተኛውን ዋጋ እጥፍ ያደርገዋልና።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምንም ካልተገኘ ብቻ ስለ ሞተሩ ውስጥ ማሰብ ይገባል። እዚህም ቢሆን ድምፁ ሁሉ አንድ አይደለም። ከላይ በኩል እንደ ስፌት መኪና ጠቅ ጠቅ የሚል ቀላል ድምፅ፥ የቫልቮቹ ክፍተት ከልክ በላይ መስፋቱን ሊያመለክት ይችላል። ቫልቭ ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ስለሚከፈት ድምፁ ከሞተሩ ዙር በግማሽ ይዘገያል። ክፍተቱን ማስተካከል ሞተር መክፈት አይባልም። ጧት ሞተሩ ሲነሣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ተንኮራኩሮ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ዘይቱ እስኪደርስ የላላ ካቴና ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ መንሥኤው ዘይት የማይዝ ርካሽ ፊልትሮ ስለሆነ መጀመሪያ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጡ። ድምፁ ከዚያ በኋላም እየረዘመ ከሄደ ካቴናው ሳይዘል በፊት መወጠሪያው ይታይ። ከታች በኩል ሞተሩ በሞቀ ቁጥር የሚከብድ፥ እንደ ዘነዘና የሚወቅጥ ድምፅ ግን የኩሽኔታ መበላት ምልክት ነው። መኪናው ተጎትቶ እንጂ ተነድቶ ወደ ጋራዥ መሄድ የለበትም። በዚህ ጊዜ የመካኒኩን የመክፈት ጥያቄ መከራከር ነጋዴውን አይጠቅመውም።

ነዳጁ ተበላሽቶ ነው የሚለው አስተያየትም በየጋራዡ ይሰማል። በመጥፎ ቤንዚን የሚመጣው ኩኩታ ግን በአብዛኛው የሚሰማው መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ እንጂ ቆሞ ሲሠራ አይደለም። የናፍጣ ሞተርም በተፈጥሮው የሚያንኳኳ ስለሆነ ከራሱ የቀድሞ ድምፅ ጋር እንጂ ከቤንዚን ሞተር ጋር አይነጻጸርም። ካርቡራቶር ያላቸው የቆዩ መኪናዎች ከባሕር ጠረፍ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ፥ ከተማዪቱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠችና አየሩም ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፥ ቤንዚኑ በዝቶባቸው በሚኒሞ ይንገጫገጫሉ። የእነርሱ መድኃኒት ካርቡራቶሩን ለከፍታው ማስተካከል ብቻ ነው።

የቀረው የሒሳብና የመለዋወጫ ነገር ነው። ባለ መኪናው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የታሰበውን ጥገናና ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበል፤ ተጨማሪ ሥራ ቢገኝ ሳይጠየቅ እንዳይሠራ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የተለወጠውም ዕቃ ሁሉ ይመለስለት። መለዋወጫ አስመጪዎችና ሱቆች በበኩላቸው ማርሚታና ኩሽኔታ ሲያዝዙ የማንጠልጠያ ጎማውን፥ የማይዝገውን ፋሸታና የላሜራውን ብሎን ቢጨምሩ መልካም ነው። የአንዱ ትርፍ ትንሽ ቢመስልም፥ አንድ ጎማ በማጣት ብቻ ሙሉ ማርሚታ የገዛ ደንበኛ ወደዚያ ሱቅ ዳግመኛ አይመለስም። የሞተር ማረፊያ ጎማ በአንድ የመኪና ስም ሥር እንኳ እንደ ሞተሩና እንደ ካምቢዮው ዓይነት ስለሚለያይ፥ ትእዛዝ ሲሰጥ የመኪናው ስምና የተሠራበት ዓመት ብቻ አይበቁም፤ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ላይ ተገልብጠው መላክ አለባቸው።